የቆመ ትራክተር ባትሪ

የአክስቴ ልጅ አርሲ ውስጥ ስንዴ ያርሳል። አሮጌው ማሲ ፈርጉሰን ትራክተሩ በእርሻ ሰዓት አልነሳ ቢለው፣ «ባትሪውን ከገዛሁት ዓመት አልሞላውም፤ ሻጩን ክሰስልኝ» አለኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭን ለዕቃው ጉድለት ተጠያቂ ያደርጋል። ጉድለቱ የማን እንደሆነ ግን ሄጄ ማየት ነበረብኝ።

ትራክተሩ ካለፈው እርሻ ወዲህ ለወራት ቆሟል። ባትሪ ደግሞ ሳይሠራም ቻርጁ ቀስ በቀስ ያልቃል። ባለ12 ቮልቱ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ወደ 12 ሲወርድ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። እንዲህ ሆኖ ከቆየ በእርሳስ ሳህኖቹ ላይ የሚጋገረው ሰልፌት ይጠነክርና ቻርጅ ቢያደርጉትም አይለቅም። ክዳኑን ስንከፍት ሳህኖቹ ከፈሳሹ በላይ ተጋልጠዋል። ለካ ዘመዴ ፈሳሹ በጎደለ ቁጥር አሲድ ይጨምርበት ኖሯል! የሚተነው ውኃው እንጂ አሲዱ አይደለም። ስለዚህ የሚጨመረው የተጣራ ውኃ ብቻ ነው (የቧንቧው ማዕድን አለበት)።

ትራክተሩ የሚቆም ከሆነ የኔጌቲቩን ገመድ ፈትቶ ባትሪውን በየወሩ ቻርጅ ማድረግ ይበቃል። በዚያን ጊዜ የሚወጣው ሃይድሮጂን ስለሚፈነዳ ክብሪትም ሲጋራም አይቀርብም።

ክሱን አልጻፍኩለትም። አዲስ ባትሪ ገዝቷል፤ እኔን ግን እስካሁን እንዳኮረፈኝ ነው።