አንገት መድፋትና ጤና

በአገራችን «አንገቱን የደፋ ልጅ» መባል ምስጋና ነው፤ ጨዋነትንና ታላቅን ማክበርን ያመለክታል። ዳሩ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ለጠባይ የሚያስመሰግነው አንገት መድፋት ለአጥንትና ለጡንቻ ሲሆን ጉዳቱ ብዙ ነው።

የጎልማሳ ሰው ራስ 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ይህን ሸክም የሚችሉት 7 የአንገት አጥንቶች ናቸው። ራስ በትከሻ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ አጥንቶቹ እንደ ምሰሶ ይሸከሙታል። ወደ ፊት ሲያዘነብል ግን ከኋላ ያሉት ጡንቻዎች እንደ ገመድ ተወጥረው ሊይዙት ይገደዳሉ። ውሃ የሞላ ባልዲ ከደረት አስጠግቶ መያዝና እጅን ዘርግቶ መያዝ ምን ያህል እንደሚለያይ የሞከረው ሁሉ ያውቀዋል።

ኬኔት ሐንስራጅ የተባሉ የኒው ዮርክ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ይህን አስልተው ነበር። ራስ 15 ዲግሪ ሲያጎነብስ በአንገት ላይ የሚያርፈው ጫና 12 ኪሎ፣ በ30 ዲግሪ 18፣ በ45 ዲግሪ 22፣ በ60 ዲግሪ 27 ኪሎ ያህል ይሆናል። ቁጥሩ በሕያው ሰው ላይ የተለካ ሳይሆን በስሌት የተገኘ ነው፤ ቢሆንም ነገሩን ለመገመት ይረዳል። በየቤታችን ያለው ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሲሞላ ከዚያ የ45 ዲግሪ ጫና ብዙም አይርቅም።

የአዲስ አበባው ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ድምፅን ያለ ሽቦ ከሚያስተላልፈው የሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ የአገራችን የሬዲዮ ሥርጭትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 የተጀመረው በዚሁ ሰፈር ነበር። ያን ጊዜ ሰፊ ግቢ የያዘው ነፋስ ስልክ ዛሬ በእያንዳንዱ ሰው መዳፍ ላይ ይገኛል። በሳሪስ መንገድ በሚመላለሰው ታክሲ ውስጥ ቢመለከቱ የተሳፋሪው አገጭ ደረቱን ሊነካ ጥቂት ይቀረዋል። ተማሪው በደብተሩ፣ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊም በኮምፒዩተሩ ላይ እንደዚሁ ነው።

ጉዳቱ በአንገት ብቻ አይወሰንም። ከራስ ቅል ሥር ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች ሲወጠሩ ሕመሙ ወደ ላይ ይወጣና ራስ ምታት ይሆናል። ትከሻ ይደርቃል። ጀርባም አብሮ ሲጎብጥ ደረት ይጨመቃል፤ ሳንባም እንደ ልቡ አይከፈትም። መምህር ነኝና ራሱን ያመመው ተማሪ ትምህርት እንደማይገባው በየቀኑ አያለሁ። ብዙው ሰው ግን «ምች መታኝ» ብሎ ዳማከሴ ያሸታል እንጂ አቀማመጡን አይመረምርም።

ማጎንበስ ራሱ በሽታ አይደለም፤ የሚጎዳው ሳይለዋወጡ ለረዥም ሰዓት አጎንብሶ መቆየት ነው። መፍትሔውም ከቤታችን አይርቅም። በቤተ ክርስቲያን ትልቁ የብራና መጽሐፍ በአትሮንስ ላይ ተቀምጦ ይነበባል። መጽሐፉ ወደ አንባቢው ከፍ ይላል እንጂ አንባቢው ወደ መጽሐፉ አይደፋም። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ፤

ስልክዎን ወደ ዓይንዎ ከፍ ያድርጉ፤ ክንድዎን በጎንዎ ያስደግፉ።

ከኮምፒዩተሩ ሥር ጥቂት መጻሕፍት ደርድረው የመስኮቱን የላይኛውን ጠርዝ ከዓይንዎ ጋር ያስተካክሉ።

በየግማሽ ሰዓቱ ይነሡ። ራስዎን ሳይደፉ አገጭዎን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው 5 ሰከንድ ይቆዩ፤ ይህንንም 5 ጊዜ ይደጋግሙ።

እጅዎ የሚደነዝዝ ወይም የሚዝል ከሆነ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያማክሩ።

ትሕትና በልብ ይደር፤ አንገት ግን ቀና ይበል።