ወሲባዊ ትንኮሳን የመከላከል ሥልጠና ከአለቃው ይጀምር

በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳ በደብረ ማርቆስም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ የጎጃም ከተሞች ብዙዎች የሚያውቁት ጥቂቶች ግን ደፍረው የሚናገሩት በደል ሲሆን፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለዚህ በደል ግልጽ ትርጉም ሰጥቶታል። በአዋጁ መሠረት ወሲባዊ ትንኮሳ ማለት አንድን ሰው ያለፈቃዱ ለወሲብ እሺ እንዲል በንግግር፣ በምልክት ወይም በሌላ በማናቸውም መንገድ ማግባባት ሲሆን፣ በዚህ ላይ ኃይል ወይም የኃይል ሙከራ ሲታከልበት ድርጊቱ ወሲባዊ ጥቃት ይባላል። አንቀጽ 14 አሠሪውንም፣ የሥራ መሪውንም፣ ሠራተኛውንም ከዚህ ድርጊት ይከለክላል፤ ተበዳዩ ሴት ብቻ መሆን አለበት የሚል ቃልም በትርጉሙ ውስጥ የለም።

ሕጉ ለተበደለ ሠራተኛ የሰጠው መፍትሔ ግን በአመዛኙ የመውጫ በር ነው። በአሠሪው ወይም በሥራ መሪው ትንኮሳ የደረሰባት ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች፤ ከስንብት ክፍያ በተጨማሪም የቀን ደመወዟ በ90 ተባዝቶ ካሣ ይከፈላታል። ይህ ቀላል መብት ባይሆንም፣ የበደለው ሰው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ የተበደለችው እንጀራዋን ትታ እንድትሄድ የሚያደርግ በመሆኑ፣ ሠራተኛዋን በሥራዋ ላይ የሚያቆያት በደሉ ሳይፈጸም መከላከል ብቻ ነው። የመከላከያ ሥልጠና አስፈላጊነትም ከዚህ ይመነጫል።

ሥልጠና ሲባል በብዙ መሥሪያ ቤት የሚታሰበው ሴት ሠራተኞች በአዳራሽ ተሰብስበው ስለ መብታቸው የሚነገራቸው፣ ኃላፊው ደግሞ የመክፈቻ ንግግር አድርጎ የሚወጣበት የግማሽ ቀን መርሐ ግብር ነው፤ ይህም ትምህርቱን ለማያስፈልገው ሰጥቶ የሚያስፈልገውን ማሰናበት ነው። ፍራንክ ዶቢንና አሌክሳንድራ ካሌቭ የተባሉ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁራን በ805 የአሜሪካ ኩባንያዎች ላይ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ለኃላፊዎች ሥልጠና በተሰጠባቸው ድርጅቶች በኋላ በኃላፊነት ቦታ ላይ ያሉ ሴቶች ቁጥር ከፍ ማለቱን አሳይተዋል። ምሁራኑ የሰጡት ማብራሪያ እንደሚለው፣ ኃላፊው በሥልጠናው ውስጥ የሚታየው እንደ ተጠርጣሪ ሳይሆን በደልን ለይቶ እንደሚያስቆም ሰው በመሆኑ ትምህርቱን በበጎ ይቀበለዋል።

በደብረ ማርቆስ አለቃው ሊለማመደው የሚገባው የመጀመሪያ ነገር አቤቱታ መስማት ነው። አንዲት ሠራተኛ በሩን ዘግታ መናገር ስትጀምር ከአለቃው አፍ ቀድመው የሚወጡት ቃላት «እሱ እኮ ቀልደኛ ነው»፣ «አንቺስ ምን ብለሽው ነው?» ወይም «ለስምሽ ስትይ ተይው» የሚሉ ከሆኑ ጉዳዩ በዚያው ይቀበራል፤ ሁለተኛ ሠራተኛም በዚያ በር አትገባም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ያደረገው የ121 አገሮች ጥናት፣ በሥራ ላይ ማናቸውም ዓይነት ጥቃት ወይም ትንኮሳ ከደረሰባቸው ሰዎች መካከል ለሌላ ሰው የተናገሩት ከግማሽ ጥቂት ብቻ እንደሚበልጡ ያሳያል። ሌላው ፈተና ሽምግልና ነው። ደም ያደረቀና ድንበር ያስከበረ የተከበረ ባህል መሆኑ ባይካድም፣ አለቃንና የበታች ሠራተኛን «ታረቁ» ብሎ ወደ አንድ ቢሮ መመለስ ግን ዕርቅ ሳይሆን ተበዳይዋን ለበዳዩ መልሶ ማስረከብ ነው።

የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞች ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። አስተናጋጇ የሒሳብ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ስታኖር ደንበኛው እጇን ይዞ ቢያስቀራት፣ በአንድ በኩል ጉርሻው በሌላ በኩል «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለው የቤቱ ደንብ አፏን ይዘጋታል። ያለማስጠንቀቂያ ሥራ ስለመልቀቅ የሚደነግገው አንቀጽ ትንኮሳን በሚመለከት የሚጠቅሰው አሠሪውንና የሥራ መሪውን እንጂ ደንበኛውን ባለመሆኑ፣ ይህን ክፍተት መሙላት ያለበት የቤቱ ደንብ ነው። ሥልጠናውም ባልደረባዋ ትሪውን ተቀብሎ ጠረጴዛውን እንዲረከባት፣ ተቆጣጣሪውም ደንበኛውን በጨዋ ቃል «እጅዎን ይሰብስቡ» እንዲለው በተግባር ማለማመድ አለበት፤ አይቶ ዝም ያለ ባልደረባ ለደንበኛው ፈቃድ የሰጠ ያህል ነውና።

ወደ አለቃው ስንመለስ፣ ትንኮሳው ወደ ድርጊት ተሸጋግሮ ኃላፊው በሥልጣኑ ተጠቅሞ ከሠራተኛዋ ጋር ወሲብ ከፈጸመ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625 በተበዳይዋ አቤቱታ መነሻነት በቀላል እሥራት ያስቀጣል።

የሆቴል ባለቤቶች፣ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆችና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች በሚቀጥለው ሥልጠና ከመክፈቻው ንግግር በኋላ ከአዳራሹ ሳይወጡ ከፊት ወንበር ይቀመጡ። ሠራተኞችም አንድ ነገር ይያዙ፦ ያለማስጠንቀቂያ ሥራ የመልቀቅ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት ዕለት አንሥቶ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል።