ዘፈን የሌለበት ሸክላ

መርፌው የሚያርፍበት ጥቁር ሸክላ ላይ ዘፈን የለም። በተራ ማጉያ ቢከፈት የሚሰማው አንድ ወጥ ሲርርታ ብቻ ነው፤ ከደቂቃ በላይ የሚታገሠው ጆሮ ብዙ አይገኝም። ዘፈኑ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። የሸክላው ድርሻ የዲጄው እጅ የሚሠራውን፣ መግፋቱን፣ መያዙን፣ ወደ ኋላ መሳቡን፣ ለፕሮግራሙ ማድረስ ነው። ይህን ዘዴ ለገበያ ካበቁት ቀዳሚው ፋይናል ስክራች ነው፤ ኤንቱአይቲ የተባለ የሆላንድ ኩባንያ ሠርቶት፣ ዲጄዎቹ ሪቺ ሃውቲንና ጆን አኳቪቫ ተሳትፈውበት በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወጣ። በ2004 የኒውዚላንዱ ሴራቶ ከአሜሪካው ሬን ጋር ሆኖ ስክራች ላይቭን አመጣ፤ የበርሊኑ ኔቲቭ ኢንስትሩመንትስም ትራክተር ስክራችን አስከተለ። ዲጄው ሣጥን ሙሉ ሸክላ መሸከሙ ቀረለት፤ እጁ የለመደው ሥራ ግን አልቀረበትም። ዘዴው ሲታመም አንድ የተለመደ ስህተት ይከተላል። ዘፈኑ ሲቆራረጥ፣ ሲንገዳገድ ወይም የኋሊት ሲሄድ ሕመሙ የሚታየው ስክሪኑ ላይ ስለሆነ ጥፋቱም በኮምፒውተሩ ይላከካል፤ ፕሮግራሙ ተሰርዞ እንደገና ይጫናል፣ ሲብስም ላፕቶፑ ይቀየራል። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ለተቃራኒው ነው፦ ምርመራው ከመርፌው ጫፍ ተነሥቶ ወደ ኮምፒውተሩ መሄድ አለበት። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል።

ምክንያቱን ለማየት ሲርርታው የተሸከመውን ማወቅ ያስፈልጋል። በሴራቶ ሸክላ ላይ ድምፁ በሰከንድ 1000 ጊዜ ይርገበገባል፤ በመጀመሪያው የትራክተር ሸክላ 2000፣ በሁለተኛው 2500 ጊዜ። ሸክላው ሲገፋ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ሲያዝ ይቀንሳል፤ ፕሮግራሙ ፍጥነትን የሚያነበው ከዚህ ነው። አቅጣጫን የሚያውቀው ደግሞ ከግራና ከቀኝ ቻናል ነው። ሁለቱም የያዙት አንድ ዓይነት ሞገድ ሆኖ አንዱ ሌላውን በሩብ ሞገድ ይቀድመዋል፤ ቀዳሚው ተከታይ ከሆነ ሸክላው የኋሊት ዞሯል ማለት ነው። ሦስተኛው መልእክት መርፌው ያለበት ቦታ ነው። አንዳንዱ ሞገድ ትንሽ ከፍ፣ አንዳንዱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለተቀረጸ አንድ ወይም ዜሮ ሆኖ ይነበባል፤ በሴራቶ ሸክላ 20 ተከታታይ ሞገዶች፣ ማለትም የሰከንድ ሃምሳኛ፣ መርፌው ከሸክላው የቱ ጋ እንዳለ ለመናገር ይበቃሉ። ለመላ ፈላጊ ዋናው ነገር ሦስቱ መልእክቶች እኩል ብርቱ አለመሆናቸው ነው። ፍጥነት በአቧራ መሀልም ይነበባል። አቅጣጫ ግን ሁለቱም ቻናሎች በጤና እንዲደርሱ ይፈልጋል። ቦታ በጥቃቅን የከፍታ ልዩነት የተጻፈ ስለሆነ ትንሽ ቆሻሻ ወይም የተበላ መርፌ ይበቃዋል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋውም እሱ ነው።

ስለዚህ ብልሽቱ ራሱ አድራሻውን ይናገራል። ፕሮግራሞቹ የሚደርሳቸውን ሞገድ በክብ ሥዕል ያሳያሉ፤ ክቡ የተስተካከለና ጥርት ያለ ከሆነ የሚደርሰው መልእክት ደኅና ነው። ክቡ ተጨፍልቆ መስመር ከሆነ አንዱ ቻናል ጠፍቷል። ሸክላው ወደ ፊት እየዞረ ዘፈኑ የኋሊት የሚሄድ ከሆነ ግራና ቀኙ ተለዋውጠዋል፣ አለዚያም የአንዱ ቻናል ሁለት ሽቦዎች ተገልብጠው ታስረዋል። መርፌውን የያዘው ካርትሪጅ በክንዱ ጫፍ ባለው ሄድሼል ላይ የሚያያዝባቸው ሽቦዎች አራት ናቸው፤ ነጭና ሰማያዊው የግራ፣ ቀይና አረንጓዴው የቀኝ። መርፌ ሲቀየር ከተነካኩ በኋላ ዘፈኑ የኋሊት መሄድ ከጀመረ ፕሮግራሙን ማጥፋትና ማብራት ምንም አይፈይድም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፦ «ሪሌቲቭ ላይ ሳደርገው በደንብ ይሠራል፤ ስለዚህ ሸክላውም መርፌውም ጤነኛ ናቸው፣ ችግሩ ከፕሮግራሙ ነው።» አነጋገሩ ምክንያታዊ ይመስላል፣ ማስረጃው ግን የሚመሰክረው በተናጋሪው ላይ ነው። አብሶሉት በሚባለው አሠራር ፕሮግራሙ ፍጥነትንም ቦታንም ከሸክላው ያነባል፤ መርፌው ወደ ሸክላው መሀል ሲሻገር ዘፈኑም አብሮ ይሻገራል። በሪሌቲቭ ቦታው ተትቶ ፍጥነትና አቅጣጫ ብቻ ይነበባሉ። አብሶሉት እየከሸፈ ሪሌቲቭ ከሠራ፣ ሲርርታው እየደረሰ በውስጡ ያለው ጽሑፍ ግን እየተፋቀ ነው ማለት ነው። ተጠርጣሪዎቹም ግልጽ ናቸው፦ መርፌው ላይ የተጠመጠመ አቧራ፣ ያለቀ መርፌ፣ ብዙ ስክራች የበላው ሸክላ። ሪሌቲቭ በሽታውን የሚሸፍን ማስታገሻ ነው፤ ለአንድ ምሽት ሊያሻግር ይችላል፣ ለምርመራ ግን ያሳስታል።

ከመርፌው መነሣት የሚገባበት ሌላው ምክንያት የኤሌክትሪኩ መጠን ነው። ምልክቱ በመንገዱ ሁሉ እጅግ ደካማ የሚሆነው እዚያው ካርትሪጁ ላይ ነው። በስክራች ዲጄዎች ዘንድ በከፍተኛ ድምፁ የታወቀው ሹር ኤም44-7 እንኳ የሚያወጣው 9.5 ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ የፎኖ ማጉያው ወደ መቶ እጥፍ ካላሳደገው ለሌላው መሣሪያ አይበቃም። ደካማ ሳለ የገባበት እንከንም አብሮ መቶ እጥፍ ያድጋል። ሄድሼሉ ክንዱን የሚነካባቸው ጥቃቅን ነጥቦች በላብና በዝገት ሲሸፈኑ ቻናል ይሄዳል ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ የእርሳስ ላጲስ ነው። የግራውንድ ሽቦው ከሚክሰሩ ከተላቀቀ የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ከሲርርታው ጋር ተደባልቆ ክቡን ያወዛውዘዋል። በፎኖና በላይን መካከል ያለው ማብሪያም ቀላል አይደለም። መርፌው ላይን ተብሎ ከተሰካ ክቡ ነጥብ ያህል ያንሳል፤ የራሱ ማጉያ ያለው ማጫወቻ ላይን ተደርጎ ፎኖ ውስጥ ከገባ ደግሞ ምልክቱ ሁለት ጊዜ ጎልቶ ክቡ ጠርዙ እየተቆረጠ አራት ማዕዘን ይመስላል።

«ኮምፒውተርም እኮ ይበላሻል» የሚል አለ፤ ልክ ነው። የድምፅ ቋቱ ከሚገባው በላይ ካነሰ፣ ሳውንድ ካርዱ ከብዙ ዕቃ ጋር በአንድ ዩኤስቢ ማከፋፈያ ከተጨናነቀ፣ ድምፅ ይቆራረጣል። ሆኖም የኮምፒውተር ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ማጫወቻ እኩል ይነካል፣ የመርፌ ሕመም ግን አንዱን። መለያውም ገንዘብ የማይጠይቅ ማቀያየር ነው። የግራውን ሄድሼል ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ማዛወር፤ ሕመሙ አብሮ ከተዛወረ ካርትሪጁ ነው። ካልተዛወረ ገመዶቹን ሳውንድ ካርዱ ጋ ማቀያየር፤ አሁን ወደ ሌላው ጎን ከሄደ ጥፋቱ ከክንዱ ሽቦ ወይም ከገመዱ ነው፣ እዚያው ከቀረ ከሳውንድ ካርዱ ወዲያ ነው። ሌላም መስካሪ አለ፦ እውነተኛ ዘፈን ያለበት ሸክላ። በኮምፒውተሩ ሳያልፍ በቀጥታ ሲከፈት ድምፁ በአንድ ወገን ብቻ ከወጣ ክርክሩ አለቀ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር መለወጥ ግን ምርመራውን ያበላሸዋል፤ ቢድን እንኳ ያዳነው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ማጫወቻው ራሱ፣ በተለይ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ከሆነ፣ የመጨረሻ ተጠርጣሪ መሆን አለበት። በ1972 የወጣው ይህ ማሽን በ1979 በመጣው ኤምኬ2 የክለብ ዕቃ ሆነ፣ በ2010 ምርቱ ቆሞ በ2016 ተመለሰ። ሞተሩ ሳህኑን ያለ ቀበቶ በቀጥታ ስለሚያዞር የሚላላም የሚበጠስም ቀበቶ የለውም። በዚህ ዘዴ ደግሞ ማጫወቻውን መመርመር ከቀድሞው ይቀላል፤ ሲርርታው መለኪያ ሆኖ ፕሮግራሙ ፍጥነቱን በቁጥር ያሳያልና። ቁጥሩ ረግቶ ግን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ የፒች መቆጣጠሪያው ማስተካከያ ይፈልጋል። ልክ 35 በመቶ ከፈጠነ ማጫወቻው 45 ላይ፣ ፕሮግራሙ 33 ላይ ነው። በየ1.8 ሰከንዱ ከፍ ዝቅ እያለ ከተመላለሰ ደግሞ ጥፋቱ ከሸክላው ነው፤ 33⅓ ላይ አንድ ዙር የሚፈጀው ያንኑ ያህል ስለሆነ የመሀሉ ቀዳዳ ከማዕከሉ ዞር ብሎ ተበስቷል ወይም ሸክላው ተጣሟል። ይህን ያላስተዋለ ሰው ጤነኛ ሞተር ያስፈታል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ «ቤት ይሠራል፣ ክለብ አይሠራም» የሚለው ነው፤ መርፌው ያው፣ ሸክላው ያው፣ ታዲያ ምን ተለወጠ? የተለወጠው ጠረጴዛው ነው። የትልልቅ ስፒከሮች ባስ በወለሉና በጠረጴዛው አልፎ መርፌው ድረስ ይመጣል፤ መርፌ ደግሞ ንዝረትን ከየትም ይምጣ ከየት ያነባል። ምርመራው ሸክላውን አቁሞ፣ መርፌውን ጎድጓዳው ውስጥ አሳርፎ፣ ሙዚቃውን ምሽቱ ላይ በሚደርስበት ልክ ማጮህ ነው። ሸክላው ቆሞ ሳለ ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ከታየ መጀመሪያ ከማጫወቻው ሥር ከባድ ንጣፍና ላስቲክ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚተርፈውን የፕሮግራሙ የድምፅ ገደብ ማስተካከያ ይችለዋል። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ፣ ማለትም ገደቡን ብቻ ከፍ ማድረግ፣ ዋጋ ያስከፍላል፦ ሸክላው ቀስ ሲል ምልክቱም ስለሚደክም ፕሮግራሙ እሱንም እንደ ጫጫታ ይጥለዋል፣ የስክራቹም ረቂቅ ጫፍ ይቆረጣል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ከመርፌ የመጣ ከሆነ መርፌውን ማስወገድ ነው የሚሉም መጥተዋል። የፈረንሳዩ ኤምደብሊውኤም የሠራው ፌዝ የተባለ ትንሽ መሣሪያ ሸክላው ላይ ተቀምጦ ዙረቱን በራዲዮ ወደ መቀበያ ይልካል፤ ክንዱ ከነመርፌው ማረፊያው ላይ ይቀራል። አቧራ፣ ጉምጉምታና የባስ ንዝረት በአንድ ጊዜ ከሂሳብ ይወጣሉ፤ በምትኩ ሞልቶ መገኘት ያለበት ባትሪ ይመጣል። ለዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም፤ መሐንዲሶቹ ኮምፒውተሩን ትተው ያነሡት መርፌውን ነውና። መርፌን አንሥቶ በአንድ ምት የዘፈኑ መሀል ላይ ማሳረፍ ግን አብሮ ሄዷል።