ዜማውን የያዘ፣ ፊደሉን የሚስት ልጅ

ፊደል በኅብረት በሚቆጠርበት ክፍል፣ ዲስሌክሲያ (የማንበብ እክል) ያለበት ልጅ ሳይታወቅ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ሌሎቹ «መ ሙ ሚ» ሲሉ አብሮ ይላል፤ ዜማውን ጥርት አድርጎ ይዞታል። መምህሯ ከገበታው መሃል «ሚ»ን ብቻ ስታሳየው ግን ዝም ይላል፣ ወይም ከ«መ» ጀምሮ እየቆጠረ ይደርስበታል።

በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ልጁን ከሀሁ ወደ አቡጊዳ ሲያሻግሩት የገበታው ተራ ይፈርሳል። በቃሉ የያዘና በዓይኑ የሚለይ ያኔ ይለያያሉ። አቡጊዳም ሲደጋገም በቃል መያዙ አይቀርምና ፊደላቱን በየቀኑ እያቀያየሩ መጠየቅ ይሻላል።

ዲስሌክሲያ የማየትም ሆነ የብልህነት ጉድለት አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1896 ታሪኩን የጻፈለት የ14 ዓመት ልጅ ሒሳብ ሳይከብደው ቀላል ቃላትን ማንበብ ግን ተስኖት ነበር። ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሰጥ ከጓደኞቹ እንደሚልቅ መምህሩ መስክሮለታል። ዲስሌክሲያ ያለበትን ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው ቃሉን ወደ ድምፆቹ መበተንና ድምፁን ከምልክቱ ጋር ማያያዝ ነው።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ አሶሳ ላይ መለየቱ የበለጠ ይከብዳል። በርታ እየተናገረ ያደገ ልጅ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን በላቲን ፊደል፣ አማርኛን በግዕዝ ፊደል ይማራል። አማርኛ ሲያነብ ቢደናቀፍ፣ ቋንቋው አዲስ ሆኖበት ነው ወይስ ዲስሌክሲያ? መልሱ በርታው ውስጥ ይፈለግ። በቤቱ ቋንቋ የሚያውቃቸውን ቃላት ድምፅ መነጣጠል ካቃተው፣ በላቲኑም እንደዚያው ከተደናቀፈ፣ ጥፋቱን በአማርኛ ማላከክ አይቻልም።

ከመለየቱ ግን ማስተማሩ ይቅደም። ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ጨምሮ በተለያዩ ክልሎች እ.ኤ.አ. በ2010 በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ አላነበቡም። ዲስሌክሲያ አለባቸው ተብሎ የሚገመተው ግን ከ100 ልጆች ከ5 እስከ 10 ያህሉ ናቸው። ብዙዎቹ ያላነበቡት በሚገባ ስላልተማሩ ነው ማለት ነው።

የሚረዳው ትምህርት ውድ ዕቃ አይጠይቅም። መጀመሪያ በጆሮ፦ «ሰ-ላ-ም» እያሉ ማጨብጨብ። ቀጥሎ ጥቂት ፊደላት ብቻ፤ «ለ»፣ «ሰ» እና «በ» ስለሚመሳሰሉ በአንድ ሳምንት አይሰጡ። ልጁ ድምፁን ጮክ ብሎ እያወጣ ፊደሉን በጣቱ አሸዋ ላይ ይጻፍ። የ«ሉ»፣ የ«ቡ»፣ የ«ሱ» ጭረት ቀኝ ጎን ላይ እንደሚቀጠል በግልጽ ይነገረው፤ «ሩ» እና «ፉ» ከግርጌ መሆናቸው ደግሞ ለብቻ። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ፣ የትናንቱን እየከለሱ።

እስከዚያው የሒሳብና የሳይንስ ጥያቄ ይነበብለት፤ ንባቡ እስኪጠና ሌላው ትምህርት ሊያመልጠው አይገባም።