ስለ ሁለት ባትሪ አያያዝና ስለ ምድር ሽቦ

በነቀምቴ ዙሪያ፥ በጉቶ ጊዳ ወረዳ፥ የመብራት መስመር ያልደረሰበት ትምህርት ቤት የፀሐይን ኃይል በሁለት ባትሪ አጠራቅሞ ማታ ሊያበራ ይችላል። ባትሪዎቹ 12 ቮልት የሆኑ እንደ ሆነ፥ ፖዘቲቩ ከፖዘቲቩ፥ ኔጋቲቩ ከኔጋቲቩ ጋራ ሲገናኝ ቮልቱ ያው 12 ነው፤ የሚረዝመው የመብራቱ ጊዜ ነው። የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋራ ከተያያዘ ግን 24 ይሆንና የ12 ቮልቱን አምፑል ያቃጥላል። አሮጌውን ከአዲሱ ጋራ ማሰር አይገባም፤ ቁጠባ ይመስላል፥ ነገር ግን ደካማው ብርቱውን ያደክመዋል።

ፊውዙ በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ፥ ለባትሪው እጅግ ቀርቦ ይግባ፤ ከራቀ በመካከል ያለው ሽቦ ተነካክቶ ቤት ያቃጥላል።

የወለጋ ክረምት መብረቅ ያለበት ስለ ሆነ፥ የፀሐይ ሰሌዳው ብረትና የኔጋቲቩ ጫፍ በወፍራም የመዳብ ሽቦ፥ እርጥብ አፈር ውስጥ በጥልቅ ከተተከለ ከአንድ የብረት ካስማ ጋራ ይታሰሩ። የምድር ሽቦ መብረቅን ወደ አፈር ይመራል እንጂ አያስቀረውምና፥ ነጎድጓድ ሲሰማ ልጆች ከሽቦውና ከካስማው ይራቁ።