ባትላሜራ፤ ዝገት የበላውን መኪና የማዳን ሙያ በመተማ ቆላ

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ጭልጋን፣ ነጋዴ ባሕርንና ገንዳ ውኃን እያለፈ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ መተማ ዮሐንስ ሲደርስ፣ መንገደኛውን ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ከ1,000 ሜትር በታች ወደ ሆነው ቆላ ያወርደዋል። በዚያ ቁልቁለት ልብሱን እያቀለለ የሚወርድ ሰው የአየሩን ለውጥ በገላው ያውቀዋል፤ የተቀመጠበት መኪና ብረት ግን ይህንኑ ለውጥ በዝምታ ስለሚቀበለው፣ የደረሰበት ጉዳት የሚገለጠው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ወለሉ ከእግር በታች ሲከዳ ወይም ማጠፊያው ተገንጥሎ በሩ በእጅ ሲቀር ነው። የዛሬው ትውውቃችን ይህን ኅቡእ ጉዳት ፈልጎ ከሚያገኘውና ከሚፈውሰው ሙያ ጋራ ነው፤ እርሱም በአገራችን ጋራዦች ባትላሜራ የሚባለው ነው።

ቃሉ የኢጣልያንኛ ሲሆን ፍችው ላሜራ ቀጥቃጭ ማለት ነው። ጠላት አገራችንን በያዘባቸው አምስት ዓመታት ከመንገድና ከከባድ መኪና ጋራ ብዙ የጋራዥ ቃላት ገብተው ነበርና፣ ወራሪው ተባርሮ ሲሄድ ፓራፋንጎ (የጎማ መከለያ)፣ ኮፈን (የሞተር ክዳን)፣ ባሌስትራ (ዝርግ የብረት ሞላ)፣ ካቻቢቴ (ብሎን መፍቻ) የሚሉት ስሞች ምርኮ ሆነው ቀሩ። ዛሬ አንዲት ሐረግ ኢጣልያንኛ የማያውቅ የገንዳ ውኃ ልጅ እነዚህን ቃላት ከእናቱ ቋንቋ ሳይለይ ይናገራቸዋል፤ እኔም የእርሱ ገንዘብ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ቆላ ስለ አሮጌ መኪና ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ላንድሮቨር ነው። ላንድሮቨር ለዓለም የታየው በ1940 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በሆላንድ አገር በአምስተርዳም ትርኢት ሲሆን፣ ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያለፈበት ሰሞን ስለነበረና በእንግሊዝ አገር ብረት በመጠን ይታደል ስለነበረ፣ ሠሪዎቹ የመኪናውን ውጫዊ አካል ከአሉሚኒየም ቅይጥ አበጁት። ስለዚህም «ላንድሮቨር አይዝግም» የሚል አነጋገር በሹፌሮች ዘንድ የተለመደ ሆነ። ይህ አነጋገር ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ባለቤቱን ያዘናጋዋል። የላንድሮቨር ሥጋው አሉሚኒየም ይሁን እንጂ ዐፅሙ ብረት ነው፤ ሞተሩንና ባሌስትራውን የሚሸከመው ሻንሲ፣ ከነጂው እግር ፊት የሚቆመው ግድግዳ፣ የበሮቹም የውስጥ ክፈፍ ሁሉ ከብረት የተሠሩ ናቸው። ከዚህም የባሰው፣ አሉሚኒየምና ብረት እርጥበት ባለበት ቦታ ተጣብቀው ሲኖሩ በመካከላቸው ስውር የኤሌክትሪክ ፍሰት ስለሚፈጠር አሉሚኒየሙ ራሱ ነጭ ዱቄት እየሆነ ከመጋጠሚያው ላይ ይበላል። ያረጀ ላንድሮቨር በውጭ ሲያዩት ደኅና መስሎ በበሩ ግርጌና በብሎኑ ዙሪያ የሚረግፈው በዚህ ምክንያት ነው።

የዝገት ባሕርይ ራሱ ሊታወቅ ይገባዋል። ብረት ከማዕድኑ በእሳት ተለይቶ የወጣ ስለሆነ፣ ውኃና አየር በአንድነት ባገኙት ጊዜ ወደ ቀደመ ጠባዩ፣ ማለት ወደ ቀይ አፈርነቱ ይመለሳል። ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥሩ እየገፋ እንደ ቋቁቻ ያነሣዋል፤ ስለዚህ ቀለም ላይ ትንሽ እብጠት የታየ እንደ ሆነ፣ ከሥሩ ያለው ቁስል ከታየው ይልቅ እጅግ የሰፋ መሆኑን ባለሙያ ሁሉ ያውቃል። የአሉሚኒየም ዝገት ግን በራሱ ላይ ጠብቆ የሚጣበቅ ቀጭን ሽፋን ስለሆነ፣ ብቻውን ሲኖር ለባለቤቱ ጋሻ ይሆነዋል።

የቆላው አየር በዚህ ነገር ሁለት ፊት አለው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ረዥሙ በጋ ደረቅ ስለሆነ ዝገት ያንቀላፋል፤ ጉዳቱን የሚያመጣው ክረምቱና ከክረምቱ ጋራ የሚመጣው ዋልካ ነው። ይህ ጥቁር አፈር ውኃን አጥብቆ የሚይዝ ስለሆነ፣ ወደ ሰሊጡና ወደ ማሽላው እርሻ የሚገባ መኪና በሻንሲው ቀዳዳዎች ውስጥ ጭቃውን እየሰነቀ ይወጣል፤ ውጭው በፀሐይ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ በብረቱ ሣጥን ውስጥ የታመቀው ጭቃ ግን ለወራት ርጥብ ሆኖ ይኖራል። የመሬቱም ድንጋይ ለብረት የሚራራ አይደለም። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ከድንበሩ ወዲያ በሱዳን በኩል ያለችውን ጋላባትን ይዘው መተማን ከኢጣልያኖች ለመያዝ በተነሡ ጊዜ፣ ካመጧቸው 12 ታንኮች መካከል የሚበዙት ከጥይት ይልቅ በፈንጂና በድንጋይ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ ከሥራ ውጭ መሆናቸው ይታወቃል።

አንድ ዕለት ጧት በገንዳ ውኃ ከባምባ ጥላ ሥር አንድ ሽማግሌ የቆየ ላንድሮቨራቸውን ለባትላሜራ ሲያሳዩ ቆሜ ተመለከትሁ። ባለሙያው ወጣት ቢሆንም የችኮላ ጠባይ አልነበረበትም። በጀርባው ተኝቶ ከሥር ገባና በትንሽ መዶሻ ሻንሲውን ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ በየስንዝሩ ይመታ ጀመር። ጤነኛው ብረት እንደ ቃጭል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ወደ ኋለኛው ባሌስትራ ማንጠልጠያ ሲደርስ ግን ድምፁ ደነቆረ። እዚያ ላይ ካቻቢቴውን አስጠግቶ በመዳፉ ቢገፋው፣ እስከ እጀታው ድረስ ሰተት ብሎ ገባ፤ ሲያወጣውም ያለፈው ክረምት ዋልካ ከዝገት ቅርፊት ጋራ ተደባልቆ በደረቱ ላይ ፈሰሰ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ ለጊዜው ትንሽ ነገር ለጥፍበትና ልሂድበት፤ የሰሊጡ ጊዜ ደርሷል» አሉት። እርሱም ከሥር ሳይወጣ፣ «ጋሼ፣ ብረቱ እኮ የለም፤ በምን ላይ ልለጥፈው?» ሲል መለሰላቸው።

የሙያው ፍሬ ነገር በዚህች መልስ ውስጥ ነው። ብየዳ ብረትን ከብረት የሚያዋሕደው ሁለቱም ጤነኞች ሲሆኑ ነው፤ በዝገት በተበላ ብረት ላይ የተለኮሰ እሳት ግን ቀዳዳውን እያሰፋው ይሄዳል እንጂ አይዘጋውም። ስለዚህ የባትላሜራ የመጀመሪያ ሥራ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው። ባለሙያው አስቀድሞ የባትሪውን ገመድ ይፈታል፤ የነዳጁን ሳልባትዮ አውርዶ ራቅ ወዳለ ቦታ ይወስዳል፤ ይኸውም ባዶ ሳልባትዮን በውስጡ የቀረው ትነት ከሙሉው ይልቅ ለፍንዳታ ቅርብ ስለሚያደርገው ነው። ቀጥሎ ሻንሲው በሚቆረጥበት ጊዜ እንዳይጎብጥ በግራና በቀኝ ደግፎ ያቆመዋል፤ ከዚያም የተበላውን ክፍል የሚያንጸባርቅ ንጹሕ ብረት እስኪያገኝ ድረስ ቆርጦ ይጥላል። ባለቤቱ ቀዳዳው ሲሰፋ እያየ መጨነቁ አይቀርም፤ ነገር ግን እዚህ ላይ የሚራራ ባለሙያ በኋላ ይጨክናል።

ከዚህ በኋላ በካርቶን ላይ የጎደለውን ቅርጽ ለክቶ ይቆርጥና፣ በዚያው ልክ ላሜራ ያዘጋጃል። ለሻንሲ የሚሆነው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሲሆን፣ ለቤት መኪና ፓራፋንጎና በር ግን አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ስስ ላሜራ ያስፈልጋል። ጀማሪ የሚሳሳተው በዚህ በስሱ ነው። ከጥግ ጀምሮ ሳያቋርጥ ቢበይደው፣ በእሳት የተለጠጠው ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር መላው ገጽ እንደ ደረቀ ቆዳ ይጨማደዳል። አዋቂው ግን በአንድ ጫፍ አንዲት ነጥብ፣ በተቃራኒው ጫፍ ሌላ ነጥብ እያደረገ፣ በየመካከሉም ብረቱ እስኪቀዘቅዝ እየታገሠ፣ ነጥቦቹን በነጥብ ያገናኛቸዋል። ያበጠ ስፍራ ሲገኝም በነበልባል የሳንቲም ያህል ቦታ ብቻ አቅልቶ ወዲያው በርጥብ ጨርቅ ይነካዋል፤ ብረቱም ይሰበሰባል። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ብረት ሕይወት ያለው ይመስለዋል።

አሉሚኒየም ግን ሌላ ጥበብ ይጠይቃል። ብረት 1,500 ዲግሪ ላይ ደርሶ ከመቅለጡ አስቀድሞ ቀልቶና ነጥቶ ለሠራተኛው ምልክት ይሰጣል፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ መልኩን ሳይለውጥ በድንገት ይወርዳል። ስለዚህ የተጨማደደ የላንድሮቨር ላሜራ በመዶሻ ከመቃናቱ በፊት እንዲለሰልስ ሲፈለግ፣ የቆየው ዘዴ በአሴቲሊን ጥላሸት ማጥቆርና ጥላሸቱ እስኪጠፋ ብቻ በስሱ ማሞቅ ነው፤ ጥላሸቱ ሲጠፋ ሙቀቱ በቃ ማለት ነው።

ሠራተኞቹ ሥራቸውን በንጋት የሚጀምሩትም በከንቱ አይደለም። በሚያዝያ የቆላው ሙቀት 40 ዲግሪ ሲደርስ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት ገና እሳት ሳይነካው እጅ ያቃጥላል፤ የአሴቲሊኑም ሲሊንደር ከጥላ ሥር ቆሞ መዋል አለበት። ስለ ጤናቸው አንድ ነገር ማሳሰብ ግድ ይለኛል። ለመለጠፊያ የሚቀርበው ብረት ብዙ ጊዜ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ነው። እርሱ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ የተነፈሰውን ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ያሰኘዋል፤ ትኩሳትና ቍርጥማትም ያመጣበታል፤ ብዙውን ጊዜም በማግሥቱ ይለቀዋል። መተማ ደግሞ የወባ አገር ነው። እንግዲህ ማታ ያንቀጠቀጠው በያጅ ወባ ነው ብሎ መድኃኒት ሲውጥ፣ ወይም በተቃራኒው እውነተኛውን ወባ የጢስ ሕመም ነው ብሎ ችላ ሲል ሁለቱም አደጋ ናቸው። ብልሃቱ ዚንኩን ከሚበየደው ጠርዝ አስቀድሞ ፍቆ ማንሣት፣ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ መሥራት፣ ትኩሳት ሲመጣም ደምን ማስመርመር ነው።

የዚህ ሙያ ትልቁ ጠላት ስቱኮ ነው። ስቱኮ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ተበይዶና ተቃንቶ ባለቀ ላሜራ ላይ የቀረችውን ትንሽ ጉድጓድ ለማስተካከል የተሠራ ነው። ነገር ግን ዝገቱ ሳይቆረጥ፣ ቀዳዳው በሽቦ ወንፊትና በካርቶን ተደፍኖ ስቱኮ ሲመረግበትና ቀለም ሲቀባ፣ የተለሰነ መቃብር ይሆናል። እኔም አንድ ጊዜ ስሙን በማልጠራው ጋራዥ እንዲህ ተደርጎ የተመለሰ መኪና ተረክቤ ነበር። በቀለሙ ማማር ደስ ብሎኝ ሳለ፣ ክረምቱ ሳይጋመስ የግራው ፓራፋንጎ በአንድ ቁራሽ ወርዶ መንገድ ላይ ቀረ፤ ከሥሩ የተገኘውም የተጠቀለለ ጋዜጣ ነበር። ያን ጊዜ ያዘንሁት ስለ ገንዘቤ ብቻ አልነበረም፤ የአንድ ክቡር ሙያ ስም በሐሰት መጉደፉ ነበር ያሳዘነኝ።

ክቡር ያልሁትም አለምክንያት አይደለም። ከዚሁ ቆላ፣ ከቋራ የተነሡት ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. በጋፋት 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሲያስቀልጡ፣ ብረትን በእሳት ማዘዝ ለአንድ መንግሥት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከማንም ቀድመው ተረድተው ነበር። አገሬው ግን ወናፍና መስፍ የያዘውን ሰው ቀጥቃጭ እያለ ይንቀው፣ በቡዳነትም ይጠረጥረው ነበር። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክለውን ዐዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። መኪናውና ለቀጥቃጩ የወጣው ዐዋጅ በአንድ ዘመን መገናኘታቸው እኔን ዘወትር ያስደንቀኛል።

ዛሬ የዚህ ሙያ አስፈላጊነት ይልቁንም ብርቱ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በእጃችን ያለው አሮጌ ብረት ተተኪው ሩቅ ነው።

የገንዳ ውኃው ወጣት የዚያን ላንድሮቨር ማንጠልጠያ በሦስት ቀን ሠርቶ ጨረሰ። በመጨረሻም በአዲሱ ብረት ግርጌ ውኃ የሚወርድባትን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ከፈተ፤ የሣጥኑን ውስጥ በዝገት መከላከያ ቀለምና በተቃጠለ ዘይት ቀባ፤ ለሽማግሌውም እንዲህ ሲል አደራ አላቸው፤ ከእርሻ በተመለሱ ቁጥር የመኪናውን ጣራ ከማጠብዎ በፊት ሆዱን ይጠቡ፤ ያቺን ቀዳዳ በእንጨት ጭረው ጭቃውን ያውጡ። በቆላው አሮጌ መኪና ያላችሁ አንባብያን ሆይ፣ ይህ አደራ ለእናንተም ነውና፣ ሰኔ ሳይገባ አንድ ጧት ከመኪናችሁ ሥር ግቡ፤ በትንሽ መዶሻም እየመታችሁ ድምፁን አድምጡ።