ቤንዝን በጉምሩክ በር

ቤንዝን ድንበር ሲሻገር የሚመደበው በንጽሕናው ልክ ነው። መቀመጫው ብራስልስ የሆነው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት የሚያስተዳድረው የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዓት (ሃርሞናይዝድ ሲስተም) በክብደት 95 በመቶና ከዚያ በላይ ንጹሕ የሆነውን በምዕራፍ 29፣ በቁጥር 2902.20 ያስቀምጠዋል። ከዚያ ያነሰው፣ ለምሳሌ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የወጣው ድፍድፍ፣ ቤንዝኑ ከግማሽ በላይ ከሆነ ምዕራፍ 27 ውስጥ ገብቶ 2707.10 ይሆናል። የላቦራቶሪ ወረቀቱ 94.8 ካለ እንግዲህ ምዕራፉ ተቀየረ ማለት ነው! ፈታሹም ከዓይኑ ይልቅ ላቦራቶሪውን ማመን ግድ ይለዋል። የመኪናው ቤንዚን ሌላ ነው፤ የብዙ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ በመሆኑ 2710 ሥር ይወድቃል። በርሜሉ ላይ የሚታየው 1114 ደግሞ የታሪፍ ቁጥር ሳይሆን የተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ዕቃ መለያ ነው፤ የሚጠቅመውም ለሾፌሩና ለእሳት አደጋ ሠራተኛው ነው።